ታይ ቺ ከእግር ይጀመራል፦ ሚዛንን፣ የእግር ጥንካሬንና እርጋታን በቤት ውስጥ ለማዳበር ዝርዝር መመሪያ

ታይ ቺን ከቪዲዮ ለመማር የሚሞክሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከሉት በአንድ ተመሳሳይ ቦታ ነው። ዓይናቸው የአሰልጣኙን እጅ ይከተላል፤ እግራቸው ግን በየዕለቱ እንደለመደው ይራመዳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አሥር ያህል እንቅስቃሴ በቃላቸው ይይዛሉ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሚዛናቸው ግን አይሻሻልም፤ በዚህ ምክንያት ልምምዱን ይተዉታል። ከዚህ ልምምድ የሚገኘው የግል ጥቅም፣ ማለትም የተሻለ ሚዛን፣ የጠነከረ ጭንና ዳሌ፣ የተስተካከለ አቋምና የረጋ ትንፋሽ፣ በዋነኛነት የሚመጣው የሰውነትን ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በዝግታ ከማሸጋገር ነው። እጅ የሚጨመረው በኋላ ነው።

ከቻይና ውስጣዊ ማርሻል አርቶች መካከል ይበልጥ የሚታወቁት ታይ ቺ ቿን፣ ባጓ ዣንግ እና ሺንግ ዪ ቿን ናቸው። ይህ መመሪያ የሚያዘጋጅዎ ከታይ ቺ የያንግ ስልት ተውጣጥቶ በቻይና የስፖርት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1956 ለተቀናበረው የ24 እንቅስቃሴ ቅንብር ነው። ቅንብሩ ሲሠራ ስድስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሚፈጅና በብዙ አገሮች ስለሚሰጥ፣ ለብቻው ለሚማር ሰው ከሌሎቹ ይልቅ ይመቻል።

ከመጀመርዎ በፊት

ጤና። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ፣ ሲነሡ የሚያዞራቸው፣ ነፍሰ ጡር የሆኑ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ወይም ጉልበታቸው ያበጠ ሰዎች አስቀድመው ሐኪማቸውን ያነጋግሩ። ልምምዱ የመድኃኒት ምትክ አይደለም።

ቦታ። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ደረቅና ደልዳላ ወለል ይበቃል። በሴራሚክ ላይ በካልሲ አይቁሙ፤ ከወለሉ ጋር ያልተያያዘ ትንሽ ምንጣፍም ስለሚንሸራተት ያንሡት። በአንድ ወገንዎ ግድግዳ፣ በሌላው ወገን ደግሞ የማይንቀሳቀስ ጠንካራ ወንበር ይኑር። ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆችዎን የሚያለማምዱ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው፤ አጠገባቸውም ይቁሙ።

ጫማ። ሶሉ ስስና ጠፍጣፋ የሆነ ሸራ ጫማ ያድርጉ። ወፍራም ሶል ያለው የሩጫ ጫማ ክብደትዎ በየትኛው የእግርዎ ክፍል ላይ እንዳረፈ እንዳይሰማዎ ያደርጋል፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት የሚማሩት ደግሞ በአመዛኙ ይህንኑ መስማት ነው።

ሰዓት። ከከባድ ምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆዩ። ንጋት ላይ ካልሆነ አይጠቅምም የሚባለውን አይቀበሉ፤ በየቀኑ ሊጠብቁት የሚችሉት ሰዓት ከሁሉም የተሻለው ነው። ጾም ላይ ሆነው እህል ሳይቀምሱ የሚውሉ ከሆነ፣ ልምምዱን ወደ ማታ ያዛውሩት ወይም የመቆሚያውን ጊዜ በግማሽ ይቀንሱት፤ በባዶ ሆድ ለረጅም ጊዜ መቆም ሊያዞርዎ ይችላል።

መነሻ ልኬት። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ቁጥሮች በደብተር ላይ ይጻፉ። አንደኛው፣ ከግድግዳ አጠገብ ሆነው፣ ዓይንዎን ሳይጨፍኑ፣ በአንድ እግር ስንት ሰከንድ እንደሚቆሙ ነው፤ ሁለቱንም እግር ለየብቻ ይለኩ፣ 60 ሰከንድ ሲሞላም ያቁሙ። ሁለተኛው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ ተነሥተው እንደሚቀመጡ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ያልያዘ ሰው ከሁለት ወር በኋላ ለውጥ ማግኘቱን የሚያውቀው በስሜት ብቻ ነው፤ ስሜት ደግሞ ቶሎ ይሰለቻል።

ደረጃ 1፦ መቆም (ከ1ኛ እስከ 2ኛ ሳምንት)

ይህ ልምምድ በቻይንኛ ዣን ጁዋንግ ይባላል። አሰልቺ መስሎ ስለሚታይ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የዘለለ ግን በደረጃ 3 ላይ መመለሱ አይቀርም።

1. እግሮችዎን በትከሻዎ ስፋት ልክ ይክፈቱ። የሁለቱም እግር ጣቶች ወደ ፊት ይመልከቱ፤ ወደ ውጭ እንደተከፈቱ አይተዉአቸው።

2. ክብደትዎን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት ጊዜ ያወዛውዙና በውስጥ እግርዎ መካከል፣ ከቁርጭምጭሚትዎ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ ያሳርፉት። ጣቶችዎ ወለሉን መቧጠጥ ከጀመሩ ወደ ፊት አዘንብለዋል ማለት ነው።

3. ጉልበትዎን ከተቆለፈበት ይልቀቁት። የሚያስፈልገው መታጠፍ በጣም ትንሽ ነው። ቁልቁል ሲመለከቱ ጉልበትዎ የእግርዎን ጣቶች ጫፍ መሸፈን የለበትም፤ አቅጣጫውም ወደ ሁለተኛው ጣት ይሁን።

4. በረጅም በርጩማ ጫፍ ላይ ሊቀመጡ እንደሆነ ዳሌዎን ዝቅ ያድርጉ። በዚህ ጊዜ ጭንዎ ከሆድዎ የሚገናኝበት እጥፋት፣ ማለትም ብሽሽትዎ፣ ይለሰልሳል፤ የታችኛው ወገብዎ ጉብጠትም ይቀንሳል። መቀመጫዎን በኃይል ወደ ፊት አይግፉ።

5. አገጭዎን ትንሽ ወደ ውስጥ ሰብሰብ አድርገው አናትዎን ወደ ላይ ያቅኑ። አፍዎን ይዝጉ፣ የምላስዎ ጫፍ ከላይኛው ጥርስዎ ጀርባ ላንቃዎን ይንካ፣ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ።

6. ሁለቱን እጆችዎን ከደረትዎ ዝቅ፣ ከእምብርትዎ ከፍ ባለ ቦታ ላይ ክብ አድርገው ይያዙ። መዳፎችዎ ወደ እርስዎ ይመልከቱ፣ ክርኖችዎ ከእጅ አንጓዎ ዝቅ ይበሉ፣ ብብትዎም በትንሹ ክፍት ይሁን።

7. በመጀመሪያው ቀን ሁለት ደቂቃ ይቁሙ። በየሁለት ቀኑ ግማሽ ደቂቃ ይጨምሩ። አምስት ደቂቃ ሲደርሱ ለዚህ ደረጃ ይበቃዎታል።

8. ሲጨርሱ በድንገት አይላቀቁ። እጅዎን በዝግታ ያውርዱ፣ ጉልበትዎን ያቅኑ፣ ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ያህል በክፍሉ ውስጥ ይራመዱ።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

ጭን ቢንቀጠቀጥ፦ ጡንቻው ያልለመደውን ሥራ እየሠራ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጠበቅ ነው። ትንሽ ከፍ ብለው ይቁሙና ይቀጥሉ። «ቺ (በቻይና እምነት በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር ኃይል) እየተንቀሳቀሰ ነው» ብሎ መንቀጥቀጡን ማጋነን ጉዳት እንጂ ትርፍ የለውም።

ትከሻ ቢቃጠል፦ እጅዎን እስከ እምብርትዎ ድረስ ዝቅ ያድርጉ። ይህም ካልረዳ እጅዎን በጎንዎ አንጠልጥለው ይቁሙ፤ የዚህ ደረጃ ዋና ሥራ ከወገብ በታች ስለሆነ የሚቀርብዎ ነገር ጥቂት ነው።

የታችኛው ወገብ ቢያም፦ ወይ ወገብዎን አጉብጠዋል፣ ወይም መቀመጫዎን ከመጠን በላይ ወደ ፊት ገፍተዋል። ስልክዎን በጎንዎ በኩል አስቀምጠው ራስዎን ይቅረጹ። ጆሮዎ፣ ትከሻዎ፣ የዳሌዎ መገጣጠሚያና ቁርጭምጭሚትዎ ከሞላ ጎደል በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መገኘት አለባቸው።

ማዞር፣ ቀዝቃዛ ላብ ወይም የዓይን መጨለም ቢመጣ፦ ወዲያውኑ ይቀመጡ ወይም ጋደም ይበሉ፤ በዚያ ዕለት አይመለሱ። ሰው ጉልበቱን ቆልፎ ሳይነቃነቅ ሲቆም የባት ጡንቻ ደምን ወደ ላይ መግፋቱን ያቆምና ደም እግር ላይ ይጠራቀማል። በተራ ቁጥር 3 ላይ ጉልበት እንዲለቀቅ የታዘዘበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሁኔታው ከተደጋገመ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ደረጃ 2፦ ክብደትን ማሸጋገር (ከ3ኛ እስከ 4ኛ ሳምንት)

1. በደረጃ 1 አቋም ይቁሙና እጆችዎን በጎንዎ ያንጠልጥሉ።

2. ስድስት እስኪቆጥሩ ድረስ ዳሌዎን ወደ ቀኝ እግርዎ ያሸጋግሩ። የሚጓዘው ዳሌ ነው፤ ጭንቅላትዎና ትከሻዎ ቀድመው አይዘንበሉ።

3. ክብደትዎ ሙሉ በሙሉ ቀኝ እግርዎ ላይ ሲያርፍ የግራው ተረከዝ ያለ ግፊት ይነሣል። ካልተነሣ ገና አልደረሱም ማለት ነው።

4. ለአንድ ትንፋሽ ይቆዩ፤ ከዚያ በዚያው ፍጥነት ወደ ግራ ይመለሱ። በየወገኑ ስምንት ጊዜ ይደጋግሙ።

በታይ ቺ ቋንቋ ክብደት ያለበት እግር «ሙሉ»፣ የሌለበት ደግሞ «ባዶ» ይባላል። በማንኛውም ቅጽበት የትኛው እግርዎ ሙሉ፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ ሳያስቡ መናገር እስኪችሉ ድረስ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ።

ስለ ጉልበት ሊታለፍ የማይገባ ማስጠንቀቂያ

ታይ ቺ ለጉልበት ጥሩ ነው የሚባለው እውነት የሚሆነው በትክክል ሲሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ይፋ በሆነ ጥናት 204 የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሁለት ቡድን ተከፍለው ታይ ቺ ወይም ፊዚዮቴራፒ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ከ12 ሳምንት በኋላ የሁለቱም ቡድን ሕመም በተቀራራቢ መጠን ቀንሶ ተገኝቷል። ተሳታፊዎቹ ታዲያ አሰልጣኝ ነበራቸው። ብቻዎን ሲለማመዱ እርማት የሚሰጥዎ ስለሌለ የሚከተሉትን ሦስት ትእዛዛት ያለ ምንም ማሻሻያ ይፈጽሙ።

ክብደት ያረፈበትን ጉልበት አይጠምዝዙ። እግርዎን ማዞር ሲፈልጉ መጀመሪያ ክብደትዎን ከዚያ እግር ላይ ያንሡ፣ ከዚያ እግሩን በተረከዙ ላይ ያዙሩ፣ ከዚያ መልሰው ክብደት ይስጡት። ጉልበትዎ ወደ ውስጥ እንዲወድቅ አይፍቀዱ፤ የጉልበቱ ውስጠኛ ጎን የሚያመው በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነው። ዝቅ ብሎ መቆምም የችሎታ ምልክት መስሎ አይታይዎ፤ የጉልበትዎ ፊት ካመመዎ አቋምዎን ከፍ ያድርጉ፣ እርምጃዎንም ያሳጥሩ። ስለታም ሕመም፣ እብጠት ወይም የመቆለፍ ስሜት ከተፈጠረ ልምምዱን አቁመው ይመርመሩ።

ደረጃ 3፦ የታይ ቺ እርምጃ (ከ5ኛ እስከ 8ኛ ሳምንት)

ሚዛን በእርግጥ የሚገነባው እዚህ ላይ ስለሆነ ለዚህ ደረጃ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ጊዜ ይስጡት። ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቀው፣ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ሆነው ይሥሩ።

1. ተረከዞችዎን አቀራርበው ይቁሙ። የግራ እግርዎን ጣቶች 45 ዲግሪ ወደ ውጭ ይክፈቱ።

2. ክብደትዎን ሙሉ በሙሉ በግራ እግርዎ ላይ ያሳርፉና ብሽሽትዎን አለስልሰው ትንሽ ዝቅ ይበሉ።

3. ቀኝ እግርዎን አንሥተው ወደ ፊትና ትንሽ ወደ ቀኝ ያድርሱት፤ ተረከዙን ብቻ ያስነኩ። ገና ምንም ክብደት አይስጡት።

4. አሁን ይፈትሹ፦ ያስነኩትን ተረከዝ ሰውነትዎን ሳያንቀሳቅሱ መልሰው ማንሣት ይችላሉ? ከቻሉ እርምጃዎ ትክክል ነው። ካልቻሉ ረዝሟል፤ ይመለሱና አሳጥረው ይድገሙ።

5. የቀኝ እግርዎን ጣቶች ዝቅ አድርገው ሙሉውን እግር ወለሉ ላይ ያሳርፉ፤ ከዚያ ስድስት እየቆጠሩ ክብደትዎን ወደ ፊት ያሸጋግሩ። ጉልበትዎ ከጣቶችዎ ጫፍ ሳያልፍ፣ ከክብደትዎ 70 በመቶ ያህሉ ፊት ላይ ሲሆን ያቁሙ። ይህ አቋም በቻይንኛ ጎንግ ቡ፣ የቀስት እርምጃ፣ ይባላል።

6. ወደ ኋላ ይመለሱና ክብደትዎን በግራ እግርዎ ላይ ያሳርፉ። ባዶ የሆነውን ቀኝ እግርዎን በተረከዙ ላይ 45 ዲግሪ ወደ ውጭ ያዙሩት።

7. ክብደትዎን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ እግርዎ ያሸጋግሩ፣ ግራ እግርዎን ወደ ቀኙ ያስጠጉ፣ ከዚያ ከተራ ቁጥር 3 ጀምሮ በግራ እግርዎ ይድገሙ።

በአንድ ጊዜ አሥር እርምጃ በቂ ነው። ፍጥነትዎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አብዛኛው ሰው አስቸጋሪው ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ማለትም በአንድ እግር በሚቆምበት ቅጽበት፣ ሳያውቀው ይፈጥናል። የሚፈጥኑበት ቦታ ሚዛንዎ የጎደለበት ቦታ ስለሆነ እዚያ ላይ ይበልጥ ይዘግዩ።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

ወደ ጎን ቢንገዳገዱ፦ በአንድ መስመር ላይ እየተራመዱ ነው። በቀስት እርምጃ በሁለቱ ተረከዞች መካከል ወደ ጎን ከ10 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ያስፈልጋል። ወለሉ ላይ መስመር በጠመኔ ያስምሩና አንዱ እግርዎ በመስመሩ ግራ፣ ሌላው በቀኙ ይሁን።

እግር ወለሉ ላይ ዱብ ብሎ ቢያርፍ፦ እርምጃው ረዝሟል ወይም የቆመው እግር ደክሟል። በግማሽ ያሳጥሩት። አሁንም ዱብ ካለ ለሦስት ቀን ያህል ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ።

ትንፋሽ ቢቋረጥ፦ በአንድ እግር ሲቆሙ ትንፋሽ መያዝ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ጡንቻን ያገትራል፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ድምፅ አውጥተው ይቁጠሩ። እየተናገሩ ትንፋሽ መያዝ አይቻልም።

ደረጃ 4፦ እጅን መጨመር (ከ9ኛ ሳምንት ጀምሮ)

አሁን የ24ቱን ቅንብር የመጀመሪያ እንቅስቃሴ፣ መክፈቻውን፣ መማር ይችላሉ።

1. በደረጃ 1 አቋም ሆነው እጆችዎን በጎንዎ ያሳርፉ።

2. ሁለቱን እጆችዎን፣ መዳፍዎ ወደ ታች እንዳለ፣ በዝግታ ወደ ፊት እስከ ትከሻዎ ከፍታ ያንሡ። ትከሻዎ አብሮ ወደ ጆሮዎ እንዳይወጣ ይጠብቁ።

3. ጉልበትዎን እያጠፉ እጆችዎን እስከ ሆድዎ ድረስ ያውርዱ። እጅና ጉልበት አብረው ይጀምራሉ፣ አብረው ይቆማሉ። ጀርባዎ አይጎንበስ።

4. እጆችዎ ሲወጡ አየር ያስገቡ፣ ሲወርዱ ያስወጡ። ትንፋሽዎ ከእንቅስቃሴው ጋር የማይሄድ ከሆነ እንቅስቃሴውን ያፍጥኑ እንጂ ትንፋሽዎን አያስጨንቁ።

ከዚህ በኋላ በሳምንት ከአንድ አዲስ እንቅስቃሴ በላይ አይጨምሩ። ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ መጀመሪያ እግሩን ብቻ ለሁለት ቀን፣ ከዚያ የወገቡን መዞር፣ በመጨረሻም እጁን ይጨምሩ። ሦስቱንም ባንድ ላይ ለመያዝ የሚሞክር ሰው እግሩን ይረሳል፤ ይህም በመጀመሪያ ወደተጠቀሰው ችግር ይመልሰዋል።

ጉልበታቸው ደካማ ለሆነ ሰዎች፣ ከታይ ቺ ስልቶች መካከል፣ ከፍ ባለ አቋም የሚሠራው የሱን ስልት ከያንግም የበለጠ ሊስማማ ይችላል። የቼን ስልት ዝቅ ያለ አቋምና ድንገተኛ የኃይል አወጣጥ ስላለው ለብቻው ከቪዲዮ ለሚጀምር ሰው አይመከርም።

ደረጃ 5፦ መርሐ ግብርና እንደገና መለካት

በየቀኑ 15 ደቂቃ በሳምንት አንድ ቀን ከሚሠራ ሁለት ሰዓት ይሻላል። ሦስት ደቂቃ ይቁሙ፣ ሁለት ደቂቃ ክብደት ያሸጋግሩ፣ አምስት ደቂቃ ይራመዱ፣ በቀረው ጊዜ አዲሱን እንቅስቃሴ ይሥሩ። በየአራት ሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን የያዙትን ሁለት ልኬቶች በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ጫማ ይድገሙ።

ውጤት የሚጠብቁበትን ጊዜ በተመለከተ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ ይፋ በሆነ ጥናት 195 የፓርኪንሰን ሕመምተኞች በሦስት ቡድን ተከፍለው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለአንድ ሰዓት፣ ለ24 ሳምንት ሠልጥነው ነበር። የታይ ቺው ቡድን በአቋም ሚዛን ከሌሎቹ ሁለት ቡድኖች የተሻለ ውጤት አሳይቷል፤ መውደቅን በመቀነስ ረገድ ግን ሰውነት ከሚያፍታታው ቡድን በልጦ፣ ጡንቻ ከሚያጠነክረው ቡድን ጋር ግልጽ ልዩነት አላሳየም። ስለዚህ ስድስት ወር ያህል ጊዜ ይስጡት፤ ክብደት ማንሣት ወይም ፈጣን የእግር ጉዞ የሚያዘወትሩ ከሆነም ለታይ ቺ ብለው አይተዉት።

በአንዱ እግርዎ የቆሙበት ሰከንድ ከሌላው በጉልህ ካነሰ፣ በደረጃ 2 በደካማው እግር ላይ አራት ተጨማሪ ድግግሞሽ ያድርጉ። ሁለቱም ቁጥሮች ለስምንት ሳምንት ካልተንቀሳቀሱ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ፍጥነት ነው፤ አሥር እርምጃ ምን ያህል እንደሚፈጅብዎ በሰዓት ይለኩና ጊዜውን በእጥፍ ያርዝሙት።

አሰልጣኝ ሲፈልጉ

ቢቻል በወር አንድ ጊዜም ቢሆን አቋምዎን በዓይኑ የሚያይ ሰው ያግኙ። ጥሩ አሰልጣኝ ስለ ጉልበትዎና ስለ ጤናዎ አስቀድሞ ይጠይቃል፣ አቋም ያርማል፣ ጥንድ ሆኖ ሚዛን የመፈተሽ ልምምዱንም፣ ቱዪ ሾው የሚባለውን፣ በእውነተኛ ግፊት ያሠለጥናል። ተማሪዎቹን ሳይነካ የሚጥል አሰልጣኝ ካዩ ክፍያ ሳይፈጽሙ ይውጡ።

ራስን መከላከልን ዓላማ ያደረገ አንባቢ ከላይ ያሉት ደረጃዎች ብቻቸውን እንደማይበቁት ይወቅ። እ.ኤ.አ. በ2017 ቼንግዱ ከተማ ውስጥ የቅይጥ ማርሻል አርት ተፋላሚው ሹ ሺያዎዶንግ አንድን የታይ ቺ መምህር በሰከንዶች ውስጥ ማሸነፉ፣ ከተቃዋሚ ጋር ያልተፈተነ ልምምድ በፍልሚያ ውስጥ ምን እንደሚገጥመው በይፋ አሳይቷል። የሚከላከል ችሎታ የሚፈልጉ ከሆነ ከባልደረባ ጋር የሚሠራ ሥልጠና ይጨምሩ።

ልምምዱን ቢያቋርጡ

ሁለትና ሦስት ቀን ቢያመልጥዎ ካቆሙበት ይቀጥሉ። ከሁለት ሳምንት በላይ ካቋረጡ ወደ ቀደመው ደረጃ ተመልሰው ጊዜውን በግማሽ ይጀምሩ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ወደነበሩበት ይደርሳሉ። በሕመም ወይም በጉዳት ምክንያት ያቋረጡ ከሆነ ከደረጃ 1 ይጀምሩና መነሻ ልኬቱን እንደገና ወስደው በደብተርዎ አዲስ ገጽ ላይ ይጻፉ፤ አዲሱን ውጤት የሚያነጻጽሩት ከዚህ ቁጥር ጋር እንጂ ከቀድሞው ጋር አይደለም።